ፕላስቲኩ ያልተገፈፈለት ወንበር

ጸሐፊዋን በወጣትነቷ «ምሰሶ» ይሏት ነበር። ስትቆምም ስትቀመጥም ቀጥ ያለች ነበረችና። ቅጽል ስሙ ዛሬም አልለቀቃትም፤ የከዳት ወገቧ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ደብዳቤ ስትተይብ ኖራ፣ አሁን አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አድርጋ «ኤዲያ!» ሳትል ከመቀመጫዋ አትነሳም። «ኤዲያ» የምትለው ለሕመሙ እንዳይመስላችሁ። ለወንበሩ ነው።

እሱስ ወንበር ይባላል እንዴ! ስፖንጁ ከጨርቁ ወጥቶ በስንቱ ሰው ላብ ጠቁሯል፤ ዝናብ እንደመታው ምንጣፍ ይሸታል። መደገፊያው ሲደገፉት ወደ ኋላ ይሸሻል። አንደኛው ጎማ ከጠፋ ቆይቷል፣ በምትኩ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። ከእሷ በፊት የነበረችው ጸሐፊ እዚያው ላይ ጎብጣ ጡረታ ወጣች። ምሰሶ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ አንጥፋበት ነው የምትቀመጠው፤ ገላዋን ሲነካት ይዘገንናታል።

ወንበር ጠፍቶ ቢሆን ምን ነበረበት! በዚያ መሥሪያ ቤት ወንበር የሚታደለው በማዕረግ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚተይብ ሰው ባለካርቶኑ ይደርሰዋል፤ ከስብሰባ ስብሰባ ሲዞር የሚውል አለቃ ደግሞ እስከ ማጅራት የሚደግፍ፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ የክንድ ማሳረፊያ ያለው ይሰጠዋል። እንዲህ ያሉ አዳዲስ ወንበሮች በአዳራሹ ውስጥ ከነፕላስቲካቸው ተደርድረዋል። ለእንግዳ ነው ይባላል። እንግዳ የሚባለው ፍጡር ግን ብቅ ብሎ አያውቅም። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ በአዳራሹ በር ባለፈ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይልና ይስቃል፤ ሳቁን ሳይጨርስ የራሱን ወገብ ይይዛል።

አለቃውማ ጉድ ነው። የራሱንም ወንበር ፕላስቲክ አላስገፈፈም፣ እንዳይቆሽሽበት። ሲደገፍ ስለሚያንሸራትተው ቆጥ ላይ እንዳለች ዶሮ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ በተነቃነቀ ቁጥር ፕላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ከሸሚዙ ሥር የወገብ ቀበቶ እንደሚታጠቅ ያላወቀ ሠራተኛ የለም፤ እሱ ግን የደበቀ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከወገቡ ይልቅ ለወንበሩ የሚያዝን! ምሰሶ ያንን የፕላስቲክ ድምፅ በግድግዳው በኩል በሰማች ቁጥር ያንገሸግሻታል።

ሕመሙ የራሷ ብቻ ቢሆን ጥርሷን ነክሳ በቻለችው። ቤት ውስጥ ግን እናቷ አሉ። ግማሽ ጎናቸው ከከዳቸው ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም፤ የምታገላብጣቸው፣ የምታጥባቸው፣ አንሶላ የምትለውጥላቸው እሷው ናት። በሰዓቱ ካልተገላበጡ ጎናቸው ይቆስላል፤ አሁንም ተልጧል። አንድ ቀን ጠዋት ልታነሳቸው ጎንበስ እንዳለች ወገቧን ቀስፎ ያዛትና እንደታጠፈች ቀረች። እናቷ በረጠበው አንሶላ ላይ ተኝተው እሷን ያጽናናሉ። «ተይው ልጄ፣ ደርቆልኛል» ይላሉ። የት ይደርቃል! ሽታው ይናገር ነበር። ምሰሶ አልጋውን ይዛ ቆማ፣ እናቷን ማንሳት ያቃተውን የገዛ ገላዋን ተጸየፈችው።

ሐኪም ቤት ወገብ የምታሽ ባለሙያ ጎንበስ ቀና አሰኘቻትና ስለ ጠረጴዛዋ ጠየቀቻት።

«የኮምፒውተርሽ ስክሪን የት ጋ ነው?»

ምሰሶ ደረቷ ላይ አመለከተች። «እዚህ ጋ።»

«እግርሽስ መሬት ይረግጣል?»

«ይንጠለጠላል እንጂ።»

«እንግዲያማ ምን ቀረሽ!» አለች ባለሙያዋ። «እህቴ፣ እናትሽን ማንሳቱ ብቻውን አይደለም የጎዳሽ፤ ቀኑን ሙሉ ተጣጥፈሽ ውለሽ ማንሳቱ ነው። ስክሪኑ ከዓይንሽ ትይዩ ይሁን። እግርሽ ይረፍ፣ ወገብሽ ይደገፍ፣ ክርንሽ ከጠረጴዛው እኩል ይሁን። እንደ ድንጋይ አትቀመጪ ደግሞ፤ በየመሐሉ ተነሽና ተንጎራደጂ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ምሰሶ ከወረቀት ማሸጊያ ካርቶን የእግር ማሳረፊያ ሠራች። ፎጣ ጠቅልላ ከወገቧ ኋላ ሸጎጠች፤ መደገፊያው እንዳይሸሽባት በገመድ ጠፍራ አሰረችው። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ አቧራ የጠጡ የድሮ ሪፖርቶች በጥራዝ በጥራዙ ተሸክሞ መጣና ከስክሪኑ ሥር ደረደረላት።

«እትዬ፣ እነዚህ ሪፖርቶች ከተጻፉ ጀምሮ የጠቀሙት አንቺን ብቻ ነው» አላት።

ሳይውል ሳያድር ለውጡ ታወቃት። መጀመሪያ ማጅራቷ ላላ፤ ቀጥሎ ከወንበር ስትነሳ «ኤዲያ» ማለቱን ረሳችው። እናቷን ጠዋት አቅፋ ገልበጥ ስታደርጋቸው ወገቧ አልያዛትም። የተላጠው ጎናቸውም መጠገግ ጀመረ።

ታዲያ ደግ ነገር መች ይበረክታል! እንግዳ ሊመጣ ነው ተባለ። አለቃው ክፍል ለክፍል ሲዞር ምሰሶ ጠረጴዛ ጋ ደረሰና አፍንጫውን ሰበሰበ።

«ይሄ ምንድን ነው? የዕቃ ማራገፊያ ነው እንዴ?»

«ወገቤን ስለሚያመኝ ነው ጌታዬ። ሐኪም አዞልኝ...»

«ሁላችንንም ያመናል! መሥሪያ ቤት ክብር አለው። ይነሳ!»

ተነሳ። ካርቶኑ ተጣለ፣ ሪፖርቶቹ ወደ አቧራቸው ተመለሱ፣ ፎጣዋን እንኳ ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው ያገኘችው። ስክሪኑ ደረቷ ጋ ወረደ፤ እሷም አብራው ወረደች። እንግዳውስ? ኧረ ምኑ ቅጡ! አልመጣም።

ሕመሙ ግን አልቀረም። አንድ ቀን ጠዋት እናቷን ከፍ አድርጋ እንደያዘቻቸው ወገቧን ቀሰፋትና እጇ ተከፈተ። እናቷ በጎናቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ወደቁ። የጠገገው ቁስል ተገሸለጠ። እሳቸው ግን እሷን ላለማስደንገጥ ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም አሉ። ጮኸው ቢሆን ይሻላት ነበር። ያ ዝምታ አንጀቷን አሳረረው።

እናቷን እንደምንም አስተካክላ፣ ቁስሉን አጥባ አሽጋ ወጣች። መሥሪያ ቤት ስትደርስ ወደ ጠረጴዛዋ አልሄደችም፤ በቀጥታ አዳራሹ ገባች። ከፊት ያገኘችውን ወንበር ፕላስቲክ በቤቷ ቁልፍ ሰንጥቃ ሽርክት አድርጋ ገፈፈችው። ከዚያ ወንበሩን በኮሪደሩ እየገፋች ወደ ጠረጴዛዋ ወሰደችው። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ «እሰይ!» አለና ቶሎ መልሶ ደበቀው።

አለቃው እየሮጠ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ! ማን ፈቀደልሽ? የእንግዳ ወንበር እኮ ነው!»

ምሰሶ ከተቀመጠችበት ከነወንበሩ ዞረችበት። እግሯ መሬት ረግጧል፤ ወገቧ ተደግፏል።

«እናቴ አልጋ ላይ ናት» አለችው። «የማገላብጣት በዚህ ወገብ ነው። ዛሬ ከእጄ ወደቀች። ወንበሩን ይውሰዱት። ግን ነገ ጠዋት ቤቴ ይምጡና እርስዎ ያገላብጡልኝ። አንሶላውንም ይለውጡላት፤ ቁስሏንም ይጠቡ፣ ሽታውን ከቻሉት።»

የአለቃው እጅ ሳይታወቀው ሸሚዙ ሥር ወዳለው ቀበቶ ሄደ። እሷ ይህን ስታይ ጭራሽ ባሰባት።

«የራስዎንም ይግፈፉት! ያንን ሲንኮሻኮሽ መስማት አስጠልቶኛል።»

ሄደ። ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ማዶ ፕላስቲክ ሲቀደድ ተሰማ። ደግ ሆነ እንዳትሉ፣ በማግስቱ አዳራሹን በቁልፍ አስቆለፈው። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ዛሬም ወገቡን ይዞ በበሩ ያልፋል። የምሰሶን ወንበር ግን ማንም አልነካባት።

የገፈፈችውን ፕላስቲክ አጣጥፋ ቤቷ ወስዳው ነበር። ወገቧ ላላ ሲልላት በሳሙና አጠበችውና ፍራሹ እንዳይረጥብ ከእናቷ አንሶላ ሥር አነጠፈችው።

«ይሄ የሚንኮሻኮሸው ምንድን ነው ልጄ?» አሉ እናቷ።

«ለእንግዳ የተቀመጠ ዕቃ ነው እማዬ።»

«አበስኩ ገበርኩ! ታዲያ እንግዳው ሲመጣ ምን ሊውጥሽ ነው?»

«አንቺ ነሻ እንግዳዋ» አለቻቸውና አቅፋ ገለበጠቻቸው። እጇ አልተከፈተም።