በእንሴኖ መንገድ የወደቀ ጭነት

ያመጣህልኝ ወረቀት ገና የማተሚያ ቀለም ይሸታል። የክለባችንን የሩጫ ታሪክና የአባላቱን የዘንድሮ ውጤት አንድ ላይ አዘጋጅታችሁ፣ ከመባዛቱ በፊት እንዳርመው ጠይቀኸኛል። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝና ሥራው አልከበደኝም። ያቺ ከቡኢ እየተመላለሰች የምትለማመደው ልጅ በረጅም ርቀት ሁለተኛ መውጣቷን ሳነብ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሁለት የፊደል ግድፈት አርሜ ወደ ጥንቱ ዝርዝር ስዞር ግን ከስሜ አጠገብ «አንደኛ» የሚል ቃል አገኘሁ። እርሳሴን አስቀመጥኩ።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ ገደማ ነው። ክለቡ ያን ጊዜ ሜዳም መለያም አልነበረውም፤ የስፖርት አስተማሪያችን ሰብስቦን ማለዳ ማለዳ ከቡታጅራ በሚወጡት መንገዶች ላይ እንሮጥ ነበር። በዚያ ዓመት ለአገር አቀፍ ውድድር አዲስ አበባ የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ። እሱም የሚለየው በእንሴኖ መንገድ እስከ አንድ ትልቅ ግራር ሮጠን ስንመለስ ነበር። ግራሩ ሥር የቆሙ አንድ ሽማግሌ በቀይ ቀለም የተነከረ ቃጫ በእያንዳንዳችን የእጅ አንጓ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥመው ያስራሉ። ያለ ቃጫ የገባ አይቆጠርም። ደንቡ የወጣው ስላልተማመንን ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ውድድር አንዱ ሯጭ በእንሰት ጓሮ አቋርጧል ተብሎ ብዙ ወሬ ተወርቶ ነበር።

አንድ ባልንጀራ ነበረኝ፣ የእህል ነጋዴ ልጅ። ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነበር የምንለማመደው። የሚሄደው አንድ ብቻ መሆኑን ከሰማሁ ወዲህ ግን ዓይኔ ተለወጠበት። ከኪሱ ቆሎ ሲዘግንልኝ እንኳ ሆዴን ሊያከብድብኝ ይሆን እያልኩ በጥርጣሬ እቆረጥም ነበር።

የውድድሩ ዕለት የገበያ ቀን ነበር። ሊያስጀምሩን የተጋበዙት ሹም ዘግይተው በመምጣታቸው የተነሣነው ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነው። ግራሩን ዞሬ ቀድሜ የተመለስኩት እኔ ነበርኩ። ባልንጀራዬ ከኋላዬ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ወደ ግራሩ ሲመጣ ተገናኘንና «በርታ» አለኝ። ይህንንም ጠረጠርኩት።

ጥቂት እንደሮጥኩ አንዲት ሴት መንገዱ ዳር ቆማ አየሁ። ከገበያ ቆጮ ጭና ከእንሴኖ ወዲያ ወዳለችው ቆሼ የምትመለስ ትመስላለች። የአህያዋ ገመድ ተበጥሶ ጭነቱ አቧራው ላይ ተዘርግፏል። «የኔ ልጅ፣ አንዴ አንሳልኝ፤ ብቻዬን ነኝ» አለችኝ። በእኛ አገር ጭነት የወደቀበትን መንገደኛ ጠላት እንኳ አያልፈውም። እኔ አቧራ አቧራውን እያየሁ አለፍኳት። የቆጮው ኮምጣጣ ሽታ ጥቂት ተከተለኝ።

የከተማው ባሕር ዛፍ ሲታየኝ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ባልንጀራዬ ነበር። ትንፋሹ እንደ ማለዳ ልምምዳችን የተረጋጋ ነው። ሲያልፈኝ አንጓውን አየሁት፤ ባዶ ነበር። የተሰማኝ ደስታ መሆኑን ከአንተ አልደብቅም።

ቀድሞኝ ገባ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ፤ አስተማሪያችን የባልንጀራዬን እጅ አንሥቶ አንጓውን ባዶ ሲያገኘው ግን ጭብጨባው ቆመ። ባልንጀራዬ ጭነት የወደቀባት ሴት አግኝቶ አብሯት እንደጫነ፣ የተበጠሰውንም ገመድ በቃጫው እንደቀጠለው ተናገረ። ሰዉ ሳቀ። ቆሞ አህያ ጭኖ የሚቀድም ሯጭ ማን ያምናል? የአጎቱ የጭነት መኪና በዚያው ቀን በዚያው መንገድ ማለፉን የሚያውቁ ደግሞ ብዙ ነበሩ።

«ያመጣችህ አህያዋ ናት ወይስ የአጎትህ መኪና?» አለው አንድ ባለሱቅ።

ባልንጀራዬ «ወላሂ» ብሎ ሊምል ሲጀምር አስተማሪያችን መሐላ አያስፈልግም፣ ምስክር ይበቃል አለ። ቃጫውን ያሰሩት ሽማግሌ ከግራሩ ወዲህ የሆነውን አላዩም። ከኋላችን የመጡትም ምስክር ሊሆኑ አልቻሉም፤ እነሱ ያገኙት አህያዋን እየነዳች የምትሄድ ሴት ነው፣ በገበያ ቀን እንዲህ ያለችውን ማን ያስተውላል? በመጨረሻ አስተማሪያችን ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ከፊቱ ነበርክ። ጭነት የወደቀባት ሴት አይተሃል?»

ባልንጀራዬ አጠገቤ ቆሟል። እጁ ቆጮ ቆጮ ይሸታል። ሽታው በእኛ ከተማ ለማንም ማስረጃ አይሆንም፤ ለእኔ ግን ነበር። አይቻለሁ ብል የአዲስ አበባው ዕድል የእሱ ነው፤ አልፌያት መምጣቴንም ሰው ሁሉ ይሰማል።

«አላየሁም» አልኩ።

እሱ ወደ መሬት ተመለከተ። በቀጣዮቹ ቀናት ሴቲቱን ፈልጎ ያመጣታል እያልኩ በእንሴኖ በኩል የሚመጣ አህያ ባየሁ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ማንንም አላመጣም። ልምምድ መምጣቱን ተወ፤ ቆይቶም እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ለንግድ ወጣ፤ ዳግመኛ ሲሮጥ ያየው የለም። አምና ማረፉን የሰማሁት ከሰው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሩጫው ሳይጋመስ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከውድድሩ ይልቅ ዛሬ ድረስ ጎልቶ የሚታየኝ የተነሣሁበት ማለዳ ነው። አውቶቡሱ ዘንድ ስደርስ ባልንጀራዬ ቀድሞኝ ቆሟል። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ የመጣ መሰለኝ። እሱ ግን ሻንጣዬን ተቀብሎኝ እስከ በሩ ድረስ ተሸከመው። እዚያ ስንደርስ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ጠየቀኝ።

«ያቺ ሴት ስትጠራህ ሰምተሃት ነበር፣ አይደል?»

ረዳቱ ግቡ፣ ግቡ እያለ ነበር። ባልንጀራዬ መልሴን ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ሻንጣውን አቀበለኝና በመስኮቶቹ ላይ ያረፈውን የማለዳ ፀሐይ ቀና ብሎ አየ።

«በግራ በኩል ተቀመጥ» አለኝ። «በዚያኛው ፀሐይዋ እስክትደርስ ትመታሃለች፤ ጉልበትህን ትጨርስብሃለች።»