ያሳለ ሹፌር ፍሎፒ አይዝም

በዚያ ዘመን ቦንጋ ውስጥ ኮምፒውተርን እንደ ሙሽራ ሸፍነን እናስቀምጠው ነበር። ክፍሉ ውስጥ ጫማ አውልቆ መግባት ግዴታ ነው። ዝናቡ ደግሞ ጳጉሜን ጨምሮ አሥራ ሦስቱንም ወር ስለሚዘንብ፣ በዞኑ ትምህርት መምሪያችን ደረቅ ካልሲ ያለው ሰው እንደ ባለሥልጣን ይታይ ነበር። የዚያ ክፍል ባለሙያ እኔ ነበርኩ። ባለሙያ የተባልኩትም «ኔትወርክ» የሚለውን ቃል ሳይንተባተብ የሚጠራ ሌላ ሰው በመጥፋቱ ነው።

አንድ ጊዜ የወረዳ ሠራተኞችን ለሦስት ቀን አሠልጥን ተባልኩ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምንድን ነው ሲሉኝ፣ «የኃላፊው ጸሐፊ ናት» አልኳቸው። «ማተሚያው ወረቀት ቢፈልግ፣ ኪቦርዱ አቤት ቢል፣ ሁሉም የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ተራ የምትሰጠው እሷ ናት። እሷ ያኮረፈች ቀን ኃላፊው ወንበሩ ላይ ቢኖርም ቢሮው ዝግ ነው።» ይሄን ለማስረዳት ሁለተኛ ምሳሌ አላስፈለገኝም።

ከወረዳዎቹ ጋር የሚያገናኘን መስመር ስላልነበረ ሰነድ የሚመጣልን በፍሎፒ፣ መዳፍ በምታህል ስስ ዲስክ፣ ነው። ትልቅ ፋይል አንዲት ፍሎፒ ላይ አይበቃም፤ ስለዚህ መቆራረጥ አስተማርኳቸው። «ኔትወርክም የሚሠራው እንዲሁ ነው» አልኩ። «መልእክቱን ይቆራርጠዋል። በየቁራጩ ላይ ከየት፣ ወዴት፣ ስንተኛ ብሎ ይጽፍበትና ባገኘው መንገድ ይልከዋል። ተቀባዩ ገጣጥሞ ‹ደርሷል› ይላል። አንዱ ቁራጭ ከጠፋ የጠፋው ብቻ ተደግሞ ይላካል። እናንተም ሦስት ፍሎፒ ካላችሁ በሦስት መኪና ላኩ፤ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቢቀር ሁለቱ ይተርፋሉ።»

ከዋጫ የመጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። የምናገረውን ሁሉ፣ ሳስነጥስ እንኳ፣ ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ሲቃረብ እጃቸውን አወጡ።

«ይሄ ቫይረስ የሚባለው በምንድን ነው የሚተላለፈው?»

ቫይረስ ያለበት ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ፍሎፒ ወደ ሌላው ይዞት ይሄዳል ማለት ነበረብኝ። ግን ከሠልጣኙ ግማሹ ያንቀላፋል።

«በሳል ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ያሳለ ሹፌር ፍሎፒ እንዳይዝ። አንድ ሹፌር ፍሎፒ ላይ ስላሳለ ሦስት ኮምፒውተር አልጋ ላይ ውሏል።»

ያንቀላፋው ሁሉ ነቅቶ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ጽፈው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ሲያሰምሩ አይቻለሁ። አላረምኩም። ምሳ ደርሶ ነበር።

ወራት አለፉና የመምህራን ዝውውር መጣ። ከየወረዳው የሚሰበሰበው ጥያቄ ክልል መድረስ ያለበት አርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ የዘገየ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል። በዚያ ሳምንት ሰኞ ዋጫ የምታስተምር አንዲት የወሎ ልጅ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ጫማዋን አውልቃ በር ላይ ቆመች።

«ወንድሜ፣ የኔ ፎርም በዚህ ሽቦ ውስጥ ነው አሉ የሚሄደው?»

«ከዚህ ወዲያ ሽቦ የለውም። በአየር ነው።»

«በአየር!» ጣሪያውን አየች። «አምና በመኪና ሄዶ ዘገየ ተብዬ ቀረሁ።»

ኮምቦልቻ እናቷ ዘንድ የተወቻት የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ክረምት ስትሄድ ልጅቷ በር ኋላ ተደብቃ «እማዬ፣ እንግዳ መጣች» ብላ አያትየዋን ጠራች። ይሄን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ የፈተና ውጤት እንደምታነብ ነበር የነገረችኝ።

«ቀልደኛ ነው ይሉሃል። በዚህ እንዳትቀልድብኝ።»

«በሥራ አልቀልድም» አልኳት።

አርብ ጠዋት ከዋጫ አንደኛዋና ሁለተኛዋ ፍሎፒ ደረሱ። ሦስተኛዋ የለችም። ያለ ሦስተኛዋ ሁለቱ ስለት የሌለው የመጥረቢያ እጀታ ናቸው። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስልኩ እንደ ልማዱ ሞቷል። ሰባት ተኩል ላይ የጎረቤት ቢሮ የመገናኛ ሬዲዮ ክፍል ሮጥኩ። ያ ሬዲዮ መላው ዞን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደተቀመጠ ማለት ነው። አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል፤ ሁለት ሰው የመናገሪያውን ቁልፍ እኩል ከተጫነ የሁለቱም ነገር ጩኸት ብቻ ይሆናል። ሲጨርሱ «ተቀበል» ይባላል።

«ዋጫ፣ ዋጫ፣ ቦንጋ ነው። ሦስተኛዋ ፍሎፒ የት ደረሰች? ተቀበል።»

የእትዬ ድምፅ መጣ። «እኔው ጋ ናት። ሹፌር አጥቼ ነው። ተቀበል።»

«ከጠዋት ጀምሮ መኪና አላለፈም? ተቀበል።»

«አምስት አልፏል። አምስቱም ሹፌር ያስላል። ተቀበል።»

ዋጫ ያን ሳምንት ጉንፋን ገብቶ በሬው ሳይቀር ያስል ነበር አሉ። ሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰው ያየኛል፤ አየር ላይ ስንት ጆሮ እንዳለ ፈጣሪ ይወቀው።

«እትዬ፣ ያ ቀልድ ነበር። ፍሎፒ ጉንፋን አይዘውም። ለመጣው መኪና ይስጡልኝ። ተቀበል።»

እሳቸው ሳይመልሱ ያልተጠራ የሌላ ወረዳ ድምፅ ገባ።

«ቢታ ገነት ነው። እኛ ያሳለውን ሁሉ ከክፍሉ ስናስወጣ ከርመናል። ዛሬ ነው ቀልድ የሆነው? ተቀበል።»

«ቆይ አንተ!» አሉ እትዬ። «ባለሙያው፣ ቀልዱ የትኛው ነው? ያኔ ያልከው ነው ወይስ አሁን የምትለው? ተቀበል።»

«ያኔ ያልኩት ነው እትዬ፣ እናቴ ትሙት! ተቀበል።»

«ለሥልጠናው የተጠራሁት ቁጥርና ማኅተም ባለው ደብዳቤ ነው። የተማርኩት የሚሻር ከሆነም በደብዳቤ ይገለጽልኝ። ተቀበል።»

«ደብዳቤው እስኪደርስ ዝውውሩ ያልፋል! ተቀበል።»

ይሄኔ የመምህርቷ ድምፅ፣ ለካ አጠገባቸው ቆማለች፣ «እኔ ልያዘው፤ እኔ አላሳልኩም!» ሲል ሰማሁ። እትዬም «ባለጉዳይ የራሱን ፋይል አይዝም፣ ልጄ» አሏት። እኔ ልናገር ስጫን እሳቸውም ተጫኑ፤ ዞኑ በሙሉ ጩኸት ሰማ። ደጋግሜ ጠራሁ። ዋጫ መልስ አልሰጠም።

ወደ ቢሮዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ እኔን የሚያምነኝ ስዋሽ ብቻ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ቡና የጫነ ኢሱዙ በራችን ላይ ቆመ። ከጋቢናው እትዬ በነጠላ አፋቸውን ሸፍነው ወረዱ። መምህርቷ ከጆንያው ላይ ዘለለች፤ ሙሉ መንገድ ዝናብ ወርዶባታል። እትዬ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ሦስት ላስቲክ ፈትተው ፍሎፒዋን ሰጡኝ።

«ይሄኛውም ሹፌር ያስላል። ባሳለ ቁጥር እጄን ከነፍሎፒዋ በመስኮት እያወጣሁ ነው የመጣሁት» አሉ። ክንዳቸው እስከ ብብታቸው በጭቃ ተለብጧል።

ሦስቱን ገጣጠምኳቸው፤ ፋይሉ ተከፈተ። ልልክ ስል ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ጸሐፊዋ አኮረፈች። ለካ ኃላፊያችን ጠዋት የጀመሩት የካርታ ጨዋታ ሳይዘጋ ከሥር ቀርቷል። ሊያሸንፉ ሁለት ካርታ ነበር የቀራቸው። ዘጋሁት፤ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ጣሪያችን ላይ ያለው አንቴና ኮረብታው ላይ ያለውን ጓደኛውን ፊት ለፊት ማየት አለበት። ወፍራም ዝናብ በመካከላቸው ሲገባ ሲግናሉ ይዳከማል፤ ያን ቀን ኮረብታው ራሱ አይታይም ነበር። ፋይሉ ሦስት አራተኛው ድረስ ሄዶ ቆመ። ከመምህርቷ ቀሚስ ጫፍ ውኃ ጠብ ይላል።

«አሁን ምን እየሆነ ነው?» አሉ እትዬ።

«መንገድ ላይ የጠፉትን ቁራጮች ደግሞ እየላከ ነው።»

«ይሄም ቀልድ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ።»

መምህርቷን አዩዋት እንጂ እኔን አላዩኝም። ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ሲል ከክልል አንዲት መስመር መጣች፤ «ደርሷል» ትላለች። መምህርቷ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ግን «ታትሞ ማኅተም ይደረግበት» አሉ፤ ታትሞ ተደረገበት። «የጠየቅኩትን ደብዳቤ ሳልይዝም ንቅንቅ አልልም» አሉ። «ጉዳዩ፦ ፍሎፒ ዲስክ በሳል የማይታመም ስለመሆኑ» ብዬ ጽፌ፣ ግልባጭ ለሁሉም ወረዳ አልኩበት። በስሜ ወጥቶ መዝገብ ቤት የገባ ሥራዬ እሱ ብቻ ነው።

ዝውውሩ ነሐሴ ላይ ወጣ። መምህርቷ ኮምቦልቻ ደርሷት ወደ መናኸሪያ ስታልፍ ሻንጣዋን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። በዚህኛው ጊዜ ግን ጫማዋን አላወለቀችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ አሳለችብኝ። ከዚያ ሻንጣዋን አንስታ ወረደች።