የተጠረገው ቁልቁለት

መጥረጊያ ሳይ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ እንጦጦ ጥግ ያለውን ቁልቁለት ከጎረቤቶቼ ጋር ስንይዘው ባሕር ዛፍ ያደረቀው ጭንጫ ነበር። ደኑም ይመለስ፣ ጎመኑም ይብቀል ብለን ወይራና ኮሶ ተከልን፤ በመሃላቸው ጎመንና ቆስጣ ዘራን። ለዓመታት የየቤታችንን ልጣጭና ትርፍራፊ እያበሰበስን አፈር ሠራንለት። ዝናብ እንዳያጥበው ደግሞ ገለባና ደረቅ ቅጠል እናለብሰው ነበር። ሲያዩት አያምርም፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን ጥቁርና ለስላሳ ነበር።

ሐምሌ ላይ እንግዶች ቁልቁለቱን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ተነገረን። እንግዳ ይመጣል ከተባለ እኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚነሳው መጥረጊያ ነው። "ክረምት ነው፣ ገለባው ይቆይ" ብዬ ለመንኩ። የዕድራችን ሰብሳቢ የሆኑት እናት፣ "አንተ ደግሞ፤ እንግዳ እንዲህ ያለ ቆሻሻ መሃል ሊቆም ነው?" አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ጠረገ። ገለባውም ብስባሹም ተዝቆ ተጣለ፤ መሬቱ እንደ ሳሎን ጸዳ።

እንግዶቹ ቀሩ። ዝናቡ ግን አልቀረም።

በማግሥቱ ጠዋት ችግኞቹ ሥራቸው ተገልጦ ጭንጫው ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው። አፈራችንን ፍለጋ ቁልቁል ወረድኩ። አስፋልቱ ላይ የጽዳት ሠራተኞች በአካፋ እየዛቁ ቆሻሻ መኪና ላይ ይጭኑታል። አንዷ ቀና ብላ አየችኝና፣ "እናንተ እላይ ያላችሁት፣ ምናለ ደጃችሁን ብትጠርጉ?" አለችኝ።