እናቴ ለአከራያችን የሠራችው ድስት

መጻፍ የተማርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አላውቅበትም፤ የጎረቤቶቼን ነገር እንደሆነው እናገራለሁ።

ከደጋው ሥር ባለው ከተማ፣ ሲቀላ፣ አንድ ግቢ ውስጥ እንኖራለን። አከራያችን ባሏ በወታደርነት አምጥቷት እዚሁ የሞተባት የጎጃም ሴት ናት። በመንገዱ በኩል ሱቅ የከፈተው ሰውዬ ከነሚስቱ ከስልጤ የመጣ ነው። ከኔ ክፍል ቀጥሎ ከጨንቻ የወረደ ሸማኔና ሚስቱ አሉ። እኔም የጋሞ ደጋ ሰው ነኝ፤ መኪና ላይ ሙዝ እጭናለሁ። ሴቶቹ ለዓመታት ከእግዜር ሰላምታ አላለፉም። አከራይዋ ስልጤዋን «እስላሟ» ትላታለች፤ የሸማኔው ሚስት ደግሞ ሁለቱንም «መጤ»።

ደጋ ላይ ጎጆዋ ሲፈርስ እናቴን አመጣኋት። ቀሪ ዕድሜዋን እኔ ጋ እንድትጨርስ ነበር።

«እማ፣ የማን ዘር ነሽ ካሉሽ ገበሬ ነን በይ» አልኳት።

እኛ ሸክላ ሠሪዎች ነን። በአገራችን ሸክላ ሠሪ ከሌላው ጋር በአንድ ዋንጫ አይጠጣም፣ አይጋባም፣ መቃብሩም ለብቻው ነው። ይሄ ድሮ ቀርቷል ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ሸክላ ያልሠሩት ናቸው።

አከራይዋ እናቴን ወደደቻት። ከጓሮዋ ጎመን ትቆርጥላታለች፣ ፀሐይ ላይ አብራት ትቀመጣለች። አንድ ቀን የአከራይዋ ድስት ተሰበረ። እናቴ ውለታ የምትመልስበት ሌላ ነገር አልነበራትም። እኔ ሥራ ስውል ከቦዩ ዳር ጭቃ እያመጣች ድስት ሠራች፣ አደረቀች፣ በኩበት ተኩሳ ሰጠቻት።

ከሥራ ስመለስ ሦስቱ ሴቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እንዲያ አይቻቸው አላውቅም።

«ስትጠፈጥፍ በዓይኔ አየኋት! ያ እጅ ሲወለድ ነው የተማረው» ትላለች የሸማኔው ሚስት።

«ብትሠራስ ምን አለበት?» አለች አከራይዋ።

«አንቺ መጤ ነሽ፣ አታውቂም። የጠጣችበትን ብርጭቆ ስበሪው።»

ስልጤዋ እጇን አጨበጨበች። «ውይ! እኛም አገር አሉ እኮ! ከቤት አይገቡም።»

«በኛም ቡዳ ናቸው ይባላል» አለች አከራይዋ። «ቀን ሸክላ፣ ማታ ጅብ።»

ተሳሳቁ። ያን ቀን ተዋወቁ። የየአገራቸው ንቀት አንድ ሆኖ ሲያገኙት እንደ እህትማማች ተጠጋጉ። እናቴ አማርኛ አትሰማም ብለው ነው እንጂ ከበሩ ጀርባ ሁሉንም ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ እናቴ ቧንቧው ጋ ስትደርስ ጀሪካናቸውን ያነሱ ጀመር። በመጨረሻ አከራይዋ ጠራችኝ።

«ልጄ፣ እኔስ ሰው አልጠላም። ተከራይ እንዳይሸሽብኝ ነው። እማማን መልሳቸው፤ አንተ ጭቃ አትነካም፣ ቆይ።»

«ድስቷን መልሺላታ።»

«ድስቱማ በእሳት አልፏል። ደግሞ ሲያበስል!»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እኔስ እሳት ብገባ ትቀበይኛለሽ?» አለቻት በተሰባበረ አማርኛ። ሱቃቸው ደጃፍ የቆመችው ስልጤዋ ሳቋን በሻሿ ከለለች።

«ሁለታችንም እንውጣ፣ ሌላ ሰፈር እንከራይ» አልኳት እናቴን።

«የትም ብንሄድ ሰው ይተዋወቃል» አለችና ነጠላዋን አጣጠፈች።

በማግስቱ የጨንቻ መኪና ላይ አሳፈርኳት። የእህቷ ልጅ ከከብቶቹ ጎን አስጠጋት፤ ክረምቱን አልወጣችም። ለቀብሯ ከግቢያችን ከእኔ ሌላ ማንም አልወጣም፤ ዳገቱ ይከብዳል አሉ። ሴቶቹ ግን አሁን አይለያዩም። አንዷ ስትታመም ሁለቱ ያስታምሟታል፣ አጥሚቱንም በዚያው ድስት ያፈሉላታል።