የመድረኳ አማት

የአሜሪካ ኤምባሲ እናቴን ለሦስተኛ ጊዜ ቪዛ ሲከለክላት እጮኛዬ በስልክ፣ «እሷን ዲናይ አደረጓት? እንግዲያው እኔም ዲናይ ተደርጌያለሁ በለኛ!» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እጮኛዬን ያሳደጓት አያቷ ናቸው፤ እኔም እንደ እሷ እማማ እላቸዋለሁ። አሌክሳንድሪያ ከገቡ ሃያ ዓመት ቢሆናቸውም ከራሳቸው ሕግ በቀር ሌላ ሕግ አያውቁም። አንዱን ከሎረል ከተማ፣ ሌላውን ከአናንዴል ለቃቅሜ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች በወጉ አስተናግደው ሲያበቁ፣ «ምራትን የሚያኖራት ባል አይደለም፤ አማት ናት። የልጁን እናት ሳላይ ልጄን አልሰጥም» አሉ። «ወላጅ እናቱ መምጣት ካልቻለች በእሷ ቦታ የምትቆም ሴት ትምጣና ልያት፤ ደስ ካለችኝ ሰርግ አለ፣ ካላለችኝ የለም» አሉ።

እኔ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ደፍሬ ልለምናቸው የምችላቸው አሮጊት አንድ ብቻ ነበሩኝ። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። በጃንሆይ ጊዜ የቴአትር ተዋናይ ነበሩ። ተዋናይ ስላችሁ ታዲያ ሁሉ የሚያፈቅራት ቆንጆ እንዳትመስላችሁ። እትዬ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ፀጉራቸው ላይ ዱቄት ነስንሰው ያረጁ ሴት ናቸው። «አዘጋጁ አየኝ አየኝና፣ መልክሽ ለፍቅር አይሆንም፣ ድምፅሽ ግን ለእርግማን የተሠራ ነው አለኝ» ይላሉ እየሳቁ። ከዚያ በኋላ ጎረቤት የምታጣላ ወሬኛ፣ ጠንቋይ፣ የእንጀራ እናት፣ ከሁሉም አብልጠው ደግሞ አማት ሆነው ኖሩ። ሁልጊዜ ሁለተኛው ገቢር ላይ ክፋታቸውን ሠርተው ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ ሌላው ታርቆ ሲጨበጨብለት እሳቸው ከመጋረጃው ጀርባ ዱቄታቸውን ያራግፋሉ። ገበያ ሲወጡ ሽንኩርት አንሸጥልሽም ያሏቸው ሴቶች ነበሩ። ይህን ሲያወሩ ይኮሩ ይሁን ይዘኑ ለይቼ አላውቅም።

ጉዳዬን ስነግራቸው ጊዜ አልወሰደባቸውም። «ያልተጫወትኩት ደግ እናትን ብቻ ነው። እስቲ ልሞክራት» አሉኝ።

ቅዳሜ ዕለት ነጭ በነጭ ለብሰው አጠገቤ ተቀመጡ። አሌክሳንድሪያ እስክንደርስ ድረስ በመኪናው መስታወት ፈገግታ ይለማመዱ ነበር።

«ይኼስ እንዴት ነው?»

«ትንሽ ያስፈራል፣ እትዬ።»

ይቀንሱታል። ጥርስ አልቀረም እስኪባል ድረስ ቀነሱት።

እማማ በሩን ከፍተው ሲስሟቸው ነገሩ ሁሉ የሰመረ መስሎኝ ነበር። እትዬ «እንደምን ዋሉ፣ እመቤቴ?» ሲሉ ግን እማማ ያንን ድምፅ ሰሙና ደረቁ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አሉ።

«አንቺ ነሽ! ነፍሰ ጡር ምራቷን በክረምት ዝናብ ያባረረች! በዚህ ዓይኔ ነው ያየሁሽ!»

እጮኛዬ፣ «እማማ፣ ኢትስ ኤ ፕሌይ! ቴአትር ነው እኮ!» ብላ መሐል ገባች።

«ቴአትርስ ቢሆን? ክፋቱ ሳይኖርባት ከየት አመጣችው?»

ዝም ብል ሚስቴን ማጣቴ ነው ብዬ፣ «ያኔ እኮ እትዬ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ» አልኩ።

«አትዋሽ! ያኔም አሮጊት ነበረች። ክፉ ቶሎ አይሞትም። ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም፤ ልጄን ለዚች ቤት አልሰጥም!»

አለቀልኝ አልኩ። ዞር ብዬ ሳይ ግን እትዬ ፊታቸው በርቷል። ስልሳ ዓመት አልፎ፣ በሰው አገር፣ አንድ ሰው አልረሳቸውም! ወዲያው ግን ያ ብርሃን ከፊታቸው ጠፋ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ድንጋይ ፈልግልኝ» አሉኝ።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ሰፈሩ ሣርና አስፋልት ነው። የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ለጌጥ በአበባው ዳር ከደረደራቸው ነጫጭ ድንጋዮች ዳቦ የሚያህለውን አንሥቼ፣ ጎረቤት በመስኮት እያየኝ፣ ታቅፌው ገባሁ። እትዬ ማጅራታቸው ላይ አስደረጉኝ። ከዚያ በእኔ ክንድ ተደግፈው በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው እማማ እግር ሥር ተንበረከኩ።

«እመቤቴ፣ ያቺን ልጅ በድያታለሁ» አሉ። ድምፁ ያው ለእርግማን የተሠራው ነበር። «በዝናብ ያስወጣኋት አጥፍታ አይደለም። ልጄ ከእኔ ይልቅ እሷን ስለወደደ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ያን ቀን አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። አማቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አንቺ ልጅቱን ስታስወጫት፣ ‹ደግ አደረገች› አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ አንድ ቀን በደልኩሽ ሳትለኝ ሞተች» አሉ።

ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያዝ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አነሡላቸው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ምሬሻለሁ።»

እጮኛዬ አለቀሰች፤ እኔማ ከእሷ ባሰብኝ። ምሳ ስንበላ ድንጋዩ ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ እጮኛዬ ደወለች፤ ድምፅዋ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ተሰማ።

«ሃኒ፣ እማማ የስ ነው ኖ ያሉህ?»

«እኔን? አንቺ የጠየቅሻቸው መስሎኝ!»

ለካ ሁላችንም ስናለቅስ የመጣንበትን ጉዳይ ያነሣ ሰው የለም! ከጀርባዋ እማማ ጮክ ብለው፣ «ልጁንማ መች ጠላሁት? ያስፈራችኝ እናቱ ናት። ሰጥቻለሁ በይው!» አሉ።

ቀበቶው ባይዘኝ ዘልዬ ነበር። እትዬን፣ «ሰሙ? ሰጡኝ እኮ!» አልኳቸው። ተለማምደው የመጡትን ፈገግታ ስጠብቅ እሳቸው እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ስልኩ እዚያ ያለ ይመስል ወደ መሪው ጎንበስ አሉ።

«እመቤቴ፣ ቅድም ድንጋዩን ሲያነሡልኝ ያሉኝን ቃል እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ። ደራሲው ሳይጽፍልኝ ነው የሞተው።»

እማማ ለምን ሳይሉ ደገሙላቸው።