የብርነሽ መኪና ቀዳዳዎች

ስሙኝማ፣ ይቺን ሳልነግራችሁ ብውል ሆዴ አይችላትም! የነፋስ ስልኩን መካኒክ፣ ጋሽ ኦልጅራን ነው የማወራችሁ። እኔ የድሮ መኪና ካየሁ እብድ ነኝ፣ እሱም ሰሚ ካገኘ አያቆምም። ይቺን ሲያወራ ግን ድምፁ ይቀንሳል።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ቀይ ሽብሩ በረድ ካለ በኋላ። ብርነሽ የምትባል ሴት ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና እየነዳች ጋራዡ መጣች። የባሏ የቸኮል መኪና ናት። ቸኮልን ከቤት ወስደውት በዚያው ቀረ። ወንድሟ ምትኩ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የጠፋው፤ ቸኮል «ከከተማው በእግሩ ወጥቷል፣ አትጠይቂኝ» ብሏት ነበር።

«ኦልጅራ፣ እዚህ መኪና ውስጥ ሰው አለ» አለችው።

«የታለ እትዬ? ይውረድና ይግፋልን!»

«አትቀልድ። በነዳሁ ቁጥር ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያጥወለውለኛል። ጠበል ሁሉ ረጭቼባታለሁ።»

ገብቶ አሸተተ፤ የሞተር ጭስ ነው። ቱቦው ተበስቶ እንደሆነ ለማወቅ የጭስ ማውጫውን አፍ በጨርቅ ደፍኖ ሞተር አስነሳ፣ ከስር የሚያፏጭ የለም። ከዚያ የራሱ ዘዴ አለችው፤ ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተጣጥፎ ገባና «ዝጊብኝ» አላት። ብርሃን በገባበት ጭስም ይገባላ!

ተዘጋ። የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ አልቆ ዙሪያውን ብርሃን ያስገባል። ዞር ሲል ግን በወንበሩ በኩል ባለው ቆርቆሮ ላይ፣ ልክ አፍንጫው ፊት፣ ትናንሽ ቀዳዳዎች። ሰው የበሳቸው ናቸው፤ ፊት እንዳይቧጥጡ ጠርዛቸው በሞረድ ለስልሷል። «ከጎኔ ሰው የተኛ መሰለኝ» ይላል።

ወጥቶ አሳያት። ጭሱ በጎማው ይገባል፣ በነዚህ ወደ እሷ ያልፋል።

«ቸኮል ነው የበሳው» አለች። ቀዳዳዎቹን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ «ምትኩ በእግሩ አልወጣማ!»

ጋሽ ኦልጅራ ያለቀውን ጎማ በጣቱ ዳበሰ።

«ያኔም ጭሱ ይገባ ነበር? እሱ እዚህ ተኝቶ?»

ጎማው ያኔ ደህና ይሁን፣ ያለቀ ይሁን፣ በምን ይወቅ? «አላውቅም እትዬ» አላት። ቆርቆሮ አነሳና «ልድፈናቸው?»

«እንዳትነካ! የሚተነፍስበት ነው።»

ጎማውን ብቻ ቀየረላት። ጭሱም ጠፋ፣ ራስ ምታቷም ተዋት። ምትኩ ይድረስ አይድረስ ግን እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። ብርነሽም ከዚያ ወዲህ ኋላው ላይ ዕቃ ጭና አታውቅም፤ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሉን አጠገቧ ወንበር ላይ ነው የምታስቀምጠው።

እናንተስ፣ መኪናው ተጠግኖ ነገሩ ግን ያልለቀቀው ሰው ታውቃላችሁ?