ለወሬኛው የተከራየነው ሰርቨር

ባሌን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ብሎን» በሚል ስም ነው። ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ልብሱን ባጠብኩ ቁጥር ከባልዲው ሥር ብሎን የምለቅመው እኔ ነኝ። እጁ ወርቅ ነው፤ አመሉ ግን አይጣል! የጠገነውን ዕቃ ክዳን ቶሎ አይገጥምም። ሬዲዮ ከሆነ ሆዱን እንደከፈተ ጠረጴዛው ላይ ሲያዘፍነው ይውላል። «መጀመሪያ ይሥራ፤ መዝጋቱ የት ይሄዳል?» ይላል። ስልክ የሚያመጡለትን ደግሞ፣ እንዳይምታታበት፣ የሁሉንም የይለፍ ቃል 111111፣ ስድስት ጊዜ አንድ፣ ያስደርጋቸዋል።

ልጃችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ወሬኛው ነበር የምንለው፤ አፍ ከፈታ ጀምሮ ዝም ብሎ አያውቅም። ረጅም መንገድ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለው ስልኩ ላይ እየቀዳ ብቻውን ያወራ ነበር አሉ። መኪናው ገደል የገባ ጊዜ ያ ስልክ ከጃኬቱ ጋር መጣልን። ባትሪው አብጧል፣ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ግን ይበራል። እኔ አልሰማሁትም። ቆይ ትንሽ ልቤ ይርጋልኝ እያልኩ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ።

ሌላ ከተማ ያለችው ልጄ ግን «የወንድሜን ድምፅ ላኩልኝ» እያለች አላስቀምጥ አለችን። አባቷ ደግሞ ገገመ።

«የልጄ ድምፅ ከሰው ዕቃ ጋር አይደባለቅም። የራሱ ቤት ይኑረው! ሰርቨር እከራያለሁ።»

ሰርቨር ማለት ሩቅ አገር ካለ ትልቅ ማሽን ላይ ተቆርሶ የሚሰጥ፣ እዚህ ተቀምጠው በኢንተርኔት የሚያዙት ኮምፒውተር ነው አለኝ።

«ታዲያ ይሄም ኪራይ ቤት አይደል እንዴ?»

«ቁልፉ በእጄ ነዋ!»

በስተርጅና መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ ከቪዲዮ ይማር ጀመር። ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ይሳሳታል፣ ማሽኑን እንደ ሰው ይሳደባል። የቪዲዮው አስተማሪ «ከሁሉ በፊት የይለፍ ቃሉን አጠንክሩ፤ ፋየርዎል የሚባለውን የማሽኑን አጥር አብሩና የማትፈልጉትን በር ዝጉ፤ ዕቃ የምታስገቡት ከዚያ በኋላ ነው» ሲል እኔ እንኳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰምቻለሁ።

«ሰማህ?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ ባክሽ። መጀመሪያ ይሥራ። ዘግቼ ምኑን ልሞክረው?»

የይለፍ ቃሉም ለጊዜው ተብሎ ስድስት ጊዜ አንድ ሆነ።

ስልኩ ላይ የተቀዳው ድምፅ ሁሉ ተገልብጦ ሰርቨሩ ላይ ገባ። ልጄ «አባዬ፣ በቃ ስጠኝ» ብትለው «ልጨርስና፣ ልቆልፍና» አላት። ያላለቀ ሥራ ለደንበኛ አይሰጥም፤ ለገዛ ልጁም አልሰጥም አለ። ድምፁ ሌላ ቦታ ተቀምጧል ብሎ ደግሞ ልቡ ደፈረና የስልኩን ባትሪ ሊቀይር ከፈተው። ያ ወርቅ የምለው እጅ በልጁ ስልክ ላይ ከዳው! መፍቻው አዳለጠውና ያበጠውን ባትሪ ወጋው። መጀመሪያ ጨሰ፣ ከዚያ ነደደ። አሸዋ አፍስሶበት እሳቱ ሲጠፋ ስልኩ ከሰል ሆኗል።

«አይዞሽ፣ ሰርቨሩ ላይ አለልን» አለኝ። አመንኩት፤ ምን ላድርግ።

በነጋታው ሰርቨሩን ሲከፍተው ባዶ ነው። እንደገና ጻፈ፤ ባዶ። አከራዮቹን ቢጠይቅ እንዲህ ብለው መለሱለት፦ የገባው ሰው አይደለም፣ የኢንተርኔትን በር ሁሉ እየገፋ የሚዞር ፕሮግራም ነው። የእናንተን ክፍት አገኘው፤ ገብቶ ያለውን ሁሉ አጠፋና ማሽኑን ለራሱ ሥራ አዋለው። መጠባበቂያ ቅጂ አላስቀመጣችሁም፤ የሚመለስ ነገር የለም። ከሥሩ በር እንዴት እንደሚቆለፍ የሚያስረዳ ምክር አስከትለዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ልራገም አሰብኩ፤ ማንን? ሌባ ቢሆን ስም አለው፣ እናት አለችው። ፕሮግራም ምን ተብሎ ይረገማል?

በባሌ ላይ ዞርኩበት። «መጀመሪያ ይሥራ! መጀመሪያ ይሥራ! ይኸው ሠራልህ!» ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩበት። አንገቱን ደፍቶ ከከሰለው ስልክ ብሎኖቹን ይለቅም ጀመር። አንጀቴን በላው።

ሲወጣልኝ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ ተስፋ ነበረችኝ፤ ሲገለብጥ እሱ መቼም ሰምቶታል።

«እሺ፣ ያለፈው አለፈ። አንተ ንገረኝ» አልኩት። «ምን ምን ይላል? እኔን አንስቶኝ ነበር?»

መነጽሩን አወለቀ።

«ድምፁን ዘግቼ ነው የገለበጥኩት።»

«ምን?»

«አንቺ ሳትሰሚ እኔ ብቻዬን ልስማው? አብረን እንሰማዋለን ብዬ እኮ ነው…»

ወሬኛው ልጄ ያን ሁሉ መንገድ ሲያወራ ኖሮ፣ አንድ ሰው እንኳ አልሰማውም።